እጅ ስጪኝ ያለችው የጥይት መኪና

ተረት ተረት ስልሽ የላም በረት እንዳትይኝ። ዛሬ ላምም የለም፣ በረትም የለም። የባዶ ቀለህ ተረት ነው። ቀለህ ማለት ጥይቱ ተተኩሶ ሲሄድ ወደ ኋላ የሚቀረው የናስ ቅርፊት ነው፤ ያላወቀ እንዳይደናገር እሱን ከላይ ጻፊልኝ። ብዕርሽን ያዥ እንግዲህ። ነገሩ እየተደጋገመ ነው የሚሄደው፤ ሰለቸኝ ብለሽ «ወዘተ» እያልሽ እንዳታልፊ። ይኼ ተረት መዝለል አይወድም። በዘለልሽበት ቀዳዳ ነው የሚገባው። ማን እንደሚገባ ቆይተሽ ታውቂያለሽ።

ከቆላው አፋፍ ላይ አንዳርጌ የሚባል አዳኝ ነበር። ሚስቱ ድንቄ ትባላለች። ጠመንጃው የማን አገር እንደሆነ እንኳ የተረሳ አሮጌ ነው፣ የሰው ጥይት አይጎርስም። ስለዚህ አንዳርጌ የተኮሰበትን ቀለህ እየለቀመ ቤቱ ወስዶ እንደገና ይሞላዋል። መሙያው ደግሞ መኪና ነው። መኪና ስልሽ ጎማ ያለው አይምሰልሽ፤ እንደ ልብስ ስፌቱ መኪና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ብረት ነው። ቀለሁ ከታች ይገባል፣ እጀታው ይጎተታል፣ ብረቱ ይጫናል፣ ጠማማው ተቃንቶ፣ ባሩድ ጎርሶ፣ ተተኩሶ የሚሄደው እርሳስ አፉ ላይ ተቀምጦ ይወጣል። አለቀ።

አንዳርጌ ግን አለቀ የሚባል ነገር አያውቅም። መኪናዋን ማሻሻል ነው ሥራው። መጀመሪያ በወፍራም ብሎን ከጠረጴዛው ጋር አሰራት። ደግ አደረገ፤ ያለዚያ በተጫነች ቁጥር እንደ ሰከረ ሰው ጠረጴዛው ላይ ትሄድ ነበር። ቀጥሎ ግድግዳውን ቀዶ መስኮት አወጣላት። እሱም ደግ ነው፤ ባሩድ በጨለማ አይለካም። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አላቆመም። በተጎተተች ቁጥር እንድትጮህ ቃጭል አንጠለጠለባት። መስታወት ለጠፈባት። ሰማያዊ ቀለም ቀባት። አራት ቀለህ ባንዴ የሚይዝ ማቀፊያ ሠራላት፣ አራቱም ተቀርቅረው ቀሩ። አንዱን ሊጨምር ሌላውን ይፈታል፣ የፈታውን ሊመልስ ደግሞ ሌላ ያምረዋል። ድንቄ፣ ሰውዬ ቤት ውስጥ አንድ የተሞላ ጥይት እንኳ የለም እኮ ስትለው፣ እጀታዋ ይቀየር እንጂ ከዚያ በኋላ በቁና ነው የምሞላልሽ ይላታል። አንድ ቀን በቀትር፣ ብሎን እያጠበቀ ሞተ። ሥራ ላይ ስለነበረ ልብ አላለውም።

እዚያ አገር አዳኝ ሲቀበር በገዛ ጠመንጃው አንድ ጥይት ይተኮስለታል። ሌላው ሰው ለክብር ነው ይላል፤ እነሱ ግን እንዲሰማ ነው ይላሉ። ጠመንጃው ካልጮኸ ሟቹ መሞቱን አይሰማም። ካልሰማ ይመጣል። የሚመጣውም በቀትር ነው፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ተጠቅልሎ በሚገባበት ሰዓት። መጥቶ በስም ይጠራል። የተጠራው ሰው ከመለሰለት ይዞት ይሄዳል። ካልመለሰለት በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል። አርባው ቀን ላይ ግን ሦስቴ ጠርቶ፣ ብትመልሺም ባትመልሺም ይዞሽ ነው የሚሄድ።

ቤት ውስጥ አንድ የተሞላ ጥይት ስላልተገኘ አንዳርጌ ያለ ተኩስ ተቀበረ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ድንቄ ጓዳ ሆና ቃጭሉን ሰማች። ወጥታ ስታይ ጠረጴዛው ጋ ሰው የለም። የመኪናዋ እጀታ ወርዶ ይነሳል፣ ወርዶ ይነሳል። መስታወቱ ላይ ትንፋሽ ጉም ሠርቷል። ከዚያ «ድንቄ» አላት፣ በዚያው በለመደችው ድምፅ፣ መፍቻ አቀብዪኝ እንደሚል ሰው። ነጠላዋን ነከሰች። አልመለሰችም። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ለካ ለሚጠራሽ ሰው ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ወዬ ስትይ ለኖርሽው ሰውማ ምኑ ይነገራል። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን «ወ» ብላ አፏን ያዘች። «ዬ» ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። አንድ ጥይት።

ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደችና ጩኽለት አለችው። ጠመንጃው ካልጎረስኩ አልጮህም አለ። ቤቱን በርብራ አልጋ ሥር አንድ ቀለህ አገኘች፤ አፉ ተጣሟል። ግባለት አለችው። ቀለሁ ካልተቃናሁ አልገባም አለ። መኪናዋ ዘንድ ሄደች፣ ከሩቅ ቆማ ነው ታዲያ፣ አንዳርጌ ከሞተ ወዲህ ደፍሮ የነካት የለም። እባክሽ ተጫኚው፤ ቀለሁ ካልተቃናሁ አልገባም አለ፤ ጠመንጃው ካልጎረስኩ አልጮህም አለ፤ አንዳርጌም መሞቱን አልሰማ፤ ቀትሩም ይመጣል አለቻት። ማንም ሳይነካት ቃጭሏ አንዴ ቃ አለ።

«እጅ ስጪኝ» አለች መኪናዋ።

እዚያ አገር እጀታውንም በአጭሩ እጅ ይሉታል። የማረሻውም እጅ ነው፣ የወፍጮውም እጅ ነው። አንዳርጌም ሲሞት አፉ ላይ የነበረው የዚሁ የእጀታ ነገር ነው። ድንቄ በሆዷ፣ ይቺም እንደ ጌታዋ ማሻሻል አልጠገበችም ብላ ነጠላዋን አጣፋች። እጅ ለማሠራት ደግሞ ወደ ባለጅ ነው የሚኬደው፤ ብረት ቀጥቃጩን ባለጅ ነው የሚሉት።

ባለጁ አያ ቢያድግልኝ ይባላል። ሳቂታ ሰው ነው፤ ያንን ቃጭል የሠራው እሱ ነው፣ አንዳርጌ በቁሙ ሳለ መኪናህን በግ አደረግካት እያለ ይቀልድበት ነበር። ድንቄ ስትነግረው ግን አልሳቀም። መኪናዋ እጅ ካልሰጡኝ አልጫንም አለች፤ ቀለሁ ካልተቃናሁ አልገባም አለ፤ ጠመንጃው ካልጎረስኩ አልጮህም አለ፤ አንዳርጌም መሞቱን አልሰማ፤ ቀትሩም ይመጣል አለችው። አያ ቢያድግልኝ ወናፉን እያየ፣ እቴ ድንቄ የዚያች መኪና ብረት ክፉ ነው፣ በወይራ ከሰል ካልሆነ አይግልም፣ ወይራ ካላመጣሽ አልቀጠቅጥም አላት። ይህን ሲላት መዶሻውን ብረት ላይ ጣለው። መዶሻው ወደቀ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሁለቱም እግራቸው ሥር አዩ። ጥላቸው የለም። ከወደ ቤቷ በኩል ከሩቅ «ድንቄ» የሚል ተሰማ። አያ ቢያድግልኝ በሁለት እጁ አፏን ያዘላት።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ወደ ወይራው ወረደች። ብቻውን የቆመ ትልቅ ወይራ ነው፣ ግንዱ ሰው ያስገባል። ስሚ፣ አትዝለዪ፣ ጻፊው፦ ባለጁ ወይራ ካላመጣሽ አልቀጠቅጥም አለ፤ መኪናዋ እጅ ካልሰጡኝ አልጫንም አለች፤ ቀለሁ ካልተቃናሁ አልገባም አለ፤ ጠመንጃው ካልጎረስኩ አልጮህም አለ፤ አንዳርጌም መሞቱን አልሰማ፤ ቀትሩም ይመጣል። አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ጣልልኝ አለችው። ወይራው ሆዴ ውስጥ ንብ አለ፣ ንቦቹ ካልለቀቁኝ አልጥልም አለ። ነፋስ ሳይኖር ቅጠሉ ሁሉ ባንዴ ጀርባውን ገለበጠ፣ ነጭ ሆነ። ድንቄ ዘወር ብላ ስታይ በሣሩ ላይ የሰው እግር የረገጠው መስመር አለ። ሣሩ እየተኛ፣ እየተኛ፣ ወደ እሷ እየመጣ ነው። የሚረግጠውን ሰው ግን አላየችም። አጠገቧ ደርሶ ስሟን ጠራት። ሁለቴ። በፊት አንዴ ነበር የሚጠራት።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ለንቦቹ ልትነግር ተመልሳ ሄደች። ጆሮዋን ግንዱ ላይ ለጠፈች። ዝም። ቀዳዳው ላይ ስታይ ንቦቹ ሞልተዋል፣ ግን አይበሩም። ሁሉም ጭንቅላታቸውን ከወይራው በታች ወዳለው ምንጭ አዙረው ተቀምጠዋል። ነገረቻቸው። ወይራው ንቦቹ ካልለቀቁኝ አልጥልም አለ፤ ባለጁ ወይራ ካላመጣሽ አልቀጠቅጥም አለ፤ መኪናዋ እጅ ካልሰጡኝ አልጫንም አለች፤ ቀለሁ ካልተቃናሁ አልገባም አለ፤ ጠመንጃው ካልጎረስኩ አልጮህም አለ፤ አንዳርጌም መሞቱን አልሰማ፤ ቀትሩም ይመጣል። ንቦቹ ሁሉም ባንድ ቃል፣ እንደ ሰው ሹክሹክታ አድርገው፣ ውኃ ካልጠጣን መብረሪያ አቅም የለንም፣ ምንጩ ካልፈሰሰ አንለቅም አሏት። የዛን ዕለት ቀትር ቤቷ ስትደርስ በሩ ተከፍቶ ጠበቃት። ዘግታው ነበር የሄደችው።

አርባው ቀን ጠባ። ድንቄ በጧት ወደ ምንጩ ሮጠች። ጊዜ አለኝ ብላ ነው፣ ጥላዋ ገና ረጅም ነበር። ምንጩ ዘንድ ስትደርስ ጠጠሩ ደርቋል። ምንጩ ከመሬት በታች ጉሮሮው እንደ ታነቀ ሰው ይተነፍሳል። ንቦቹ ምንጩ ካልፈሰሰ አንለቅም አሉ፤ ወይራው ንቦቹ ካልለቀቁኝ አልጥልም አለ፤ ባለጁ ወይራ ካላመጣሽ አልቀጠቅጥም አለ፤ መኪናዋ እጅ ካልሰጡኝ አልጫንም አለች፤ ቀለሁ ካልተቃናሁ አልገባም አለ፤ ጠመንጃው ካልጎረስኩ አልጮህም አለ፤ አንዳርጌም መሞቱን አልሰማ፤ ቀትሩም ይመጣል አለችው።

ምንጩ፣ እኔስ መች ጠላሁ፣ አፌ ላይ ሰው ተቀምጦብኛል፣ እሱ ካልተነሳ አልፈስም አላት።

ያኔ ነው ያየችው። ከምንጩ አፍ ላይ ካለው ድንጋይ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። የተገነዘበትን አቡጀዲ እጅጌ እንደሚሰበስብ ሰው ሰብስቦ፣ እጁን በደረቅ ጠጠር ይታጠባል። ሥራ ሊጀምር ሲል እንዲህ ነበር የሚታጠበው። ድንቄ ስሙን አልጠራችም፣ ትንፋሽም አላሰማች። እሱም ዞሮ አላያትም።

«ጠመንጃዬ ካልጠራኝ አልነሳም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ቀትር ሲሆን ግን ቤት ሥራ አለኝ።»

አየሽ አይደል? አንዳርጌ ጠመንጃዬ ካልጠራኝ አልነሳም አለ፤ ምንጩ እሱ ካልተነሳ አልፈስም አለ፤ ንቦቹ ምንጩ ካልፈሰሰ አንለቅም አሉ፤ ወይራው ንቦቹ ካልለቀቁኝ አልጥልም አለ፤ ባለጁ ወይራ ካላመጣሽ አልቀጠቅጥም አለ፤ መኪናዋ እጅ ካልሰጡኝ አልጫንም አለች፤ ቀለሁ ካልተቃናሁ አልገባም አለ፤ ጠመንጃው ካልጎረስኩ አልጮህም አለ፤ ጠመንጃው ካልጮኸ ደግሞ አንዳርጌ አይነሳም። ዞራ ዞራ የተነሳችበት ደረሰች። ሰባት ቀን ሙሉ የሮጠችው በቀለበት ላይ ነው። ቀለበት ደግሞ በር የለውም።

ወደ ቤት ተመለሰች። ስትሄድ ጥላዋ ወገቧ ድረስ ነበር፣ አጥሩ ጋ ጉልበቷ ድረስ፣ ደጃፉ ላይ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ይሰማታል። አይሮጥም፣ የሚቸኩልበት ነገር የለውም።

መኪናዋ ፊት ቆመች። ፍርሃቷ በንዴት ለቀቃት። ሃያ ዓመት ባሏን፣ አርባ ቀን እሷን ያቃጠለች ብረት። ቃጭሉን በጥሳ ወረወረችው። መስታወቱን ነቀለችው። ያንን አራት ቀለህ እየቀረቀረ የሚያስቀር ማቀፊያ ፈታ ጣለችው። ብሎኑን አልነካችም፣ እሱ ይጠቅማል። መስኮቱንም አልዘጋችም፣ ብርሃኑ ይጠቅማል። ሌላው ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ፣ ብረቷም ራቁቷን ቀረች።

«ደግሞ ምን ልጨምርልሽ?» አለቻት ድንቄ።

«እጅ ስጪኝ።»

ድንቄ ጎንበስ ብላ አሮጌውን እጀታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርባ አየችው። አልተሰነጠቀም፣ አልላላም። ከመጨበጥ ብዛት ለስልሶ፣ ለመዳፍ እንዲመች ሆኗል። ምንም አልጎደለውም።

«ይኸው እጀታሽ። ይኼ ምን ሆነና ነው?»

«እጀታ መቼ አልኩሽ» አለች መኪናዋ። «እጅ ነው ያልኩሽ።»

 ድንቄ ከአንዳርጌ የባሩድ ቀንድ ውስጥ የተረፈውን ባሩድ፣ ከኮቱ ኪስ የተገኘውን አንድ እርሳስ፣ ሃያ ዓመት ከጎኑ ሆና እንዳየችው በመስኮቱ ብርሃን አሰናዳች። ቀለሁን ከታች አስገባች። ጥላዋ እግሯ ሥር ገባ። ኮቴው ደጃፉን አለፈ። እጇን ዘርግታ እጀታው ላይ ጣለች፣ ያረፈው ግን ብረት ላይ አይደለም። እጀታውን የጨበጠ ሌላ እጅ አለ። ይበርዳል። ጠጠር ጠጠር ይላል። የሷ እጅ ከሱ እጅ በላይ ነው ያረፈው።

«ድንቄ» አላት ጆሮዋ ሥር።

ነጠላዋን ነከሰች፣ እጇን ግን አላነሳችም። ይልቁንም ተጫነች። ከሥር ያለው እጅም አብሯት ተጫነ። ሁለቱ አብረው ወደ ታች ጎተቱ፣ ቀለሁ ቀጥ አለ።

«ድንቄ» አላት ሁለተኛ።

ጥይቱን ከመኪናዋ አወጣች፣ ጠመንጃውን ከፈተች፣ አጎረሰች፣ አፈሙዙን በመስኮቱ ወደ ሰማይ አወጣች። «ድን» ብሎ ሦስተኛውን ሊጨርስ ሲል ቃታውን ሳበችው።

ጠመንጃው ጮኸ። ድምፁ አፋፉን ይዞ ወርዶ፣ ገደሉን መትቶ፣ ተመልሶ መጣና በቤቱ ውስጥ አለፈ። ከዚያ ዝም አለ።

«እንዴ» አለ ከኋላዋ፣ ቀስ ብሎ። «ሞቻለሁ እንዴ?»

ድንቄ አልዞረችም። እጀታው ላይ አንዴ መታ መታ ሲያደርግ ሰማችው።

«እጀታውስ ደህና ነበር ለካ» አለ።

ኮቴው ወጣ። በሩንም ዘግቶ ሄደ።

ጠመንጃው ጮኸ፤ አንዳርጌ ሰማ፤ ሰምቶ ምንጩን ለቀቀ፤ ምንጩ ፈሰሰ፤ ንቦቹ ጠጡ፤ ጠጥተው ወይራውን ለቀቁ፤ ወይራው ደረቅ ቅርንጫፉን ጣለ፤ ቅርንጫፉ ከሰል ሆነ፤ ባለጁ ቀጠቀጠ፤ ቀጥቅጦም እንዲያ ያለ ውብ እጀታ፣ ጫፉ ላይ ጽጌረዳ ያለው፣ ተሸክሞ ከች አለ። ድንቄ አገላብጣ አየችውና፣ አያ ቢያድግልኝ እጅህ ይባረክ፣ ለመኪናዋ ግን አያስፈልጋትም፣ ለበሩ ምታልኝ አለችው። እሱም መሬት ላይ የተበተነውን ቃጭሉን አየ፣ መስታወቱን አየ። በሩ ላይ መታላት።

በማግሥቱ ቀትር ሆነ። ድንቄ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀች። ጥላዋ እግሯ ሥር ገባ። እጀታው አልተነቃነቀም። ያ ሁሉ ቀን ሲጠራት ነጠላዋን እየነከሰች ዝም ያለችው ሴት፣ አሁን የሚያስፈራት ነገር ስለሌለ፣ ከፍ አድርጋ «አንዳርጌ» አለች። ቆየት ብላ እንደገና «አንዳርጌ» አለች።

ማንም አቤት አላላትም።

ተረቴን መልሺ፣ ጣትሽን ከቀለም አብሺ።